አሳዳጊ ቤቶችን የምትጎበኘውን ሠራተኛ እንወቃት



ለአንድ ሥራ ምስጋና ሲቀርብ ብዙውን ጊዜ በዓይን የሚታይ ነገር ይኖራል። የውሃ ጉድጓድ ሲቆፈር ቧንቧው ይታያል፤ ትምህርት ቤት ሲሠራ ቆርቆሮው ከሩቅ ያብረቀርቃል፤ እህል ሲታደል ሰልፉ ፎቶግራፍ ይነሣል። ዛሬ የምንጽፍላችሁ ግን ሥራዋ በደንብ ከተሠራ ምንም የማይታይባት ስለ ሆነች ሠራተኛ ነው። ወላጆቹን ያጣ ልጅ ከአክስቱ ወይም ከጎረቤት ቤት ገብቶ እንደ ማንኛውም የሰፈር ልጅ ጠዋት ደብተሩን ይዞ ሲወጣ፣ ማታም ከሌሎቹ ጋር ከአንድ ገበታ ሲቆርስ፣ አላፊ አግዳሚው ልዩ ነገር አያይበትም። እንዲህ ያለ ልጅ ባለበት ቤት ጀርባ ብዙ ጊዜ ጫማዋ በጭቃ የተለወሰ አንዲት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ አለች።

እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ይገኛሉ። መካነ ኢየሱስ የእስቴ ከተማ ናት። (ስሟን ሲሰሙ የቤተ ክርስቲያን ማኅበር የሚመስላቸው ወገኖች ስላሉ፣ እዚህ የምንናገረው ስለ ከተማዋ መሆኑን ልብ በሉልን።) ከሠራተኞቹ አንዳንዶቹ በወረዳ ደረጃ ሴቶችን፣ ሕፃናትንና ማኅበራዊ ጉዳይን በሚመለከተው ጽሕፈት ቤት የተቀጠሩ ናቸው። ሌሎቹ በዕርዳታ ድርጅቶች ፕሮጀክት ውስጥ ይሠራሉ፤ በየቀበሌው ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉም አሉ። የማናቸውንም ስም እዚህ አንጽፍም። ምክንያቱ ትሕትና ብቻ አይደለም። በትንሽ ከተማ የሠራተኛዋ ስም ከታወቀ የምትገባባቸው ቤቶች ይታወቃሉ፤ ቤቶቹ ከታወቁ ደግሞ «ያ ልጅ እኮ የእነርሱ አይደለም» መባል ይመጣል። ስለዚህ ይህችን ሠራተኛ ስሟን ጠርተን በጉባኤ ፊት ልናቆማትና ልናጨበጭብላት አንችልም። ታዲያ ምስጋናችንን በምን እንግለጥላት? ይህን ለመመለስ አስቀድሞ ሥራዋን ማወቅ ያስፈልጋል።

በዚህ አገር የሰው ልጅ ተቀብሎ ማሳደግ ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። ወላጆቹ የሞቱበትን ልጅ አያት፣ አጎት፣ አክስት ወይም የክርስትና አባት ይወስደዋል። ከዘመድ ውጭ ሲሆን «የጡት ልጅ» የማድረግ ልማድ ነበር፤ አሳዳጊው ማር የተቀባ ጡቱን ወይም አውራ ጣቱን በሰዎች ፊት ለልጁ ያጠባና ከዚያ ቀን ጀምሮ የጡት አባት ይባላል። በኦሮሞ ወገኖቻችን ዘንድም ጉዲፈቻ የታወቀ ሥርዓት ነው፤ ዛሬ የአማርኛው ሕግ የሚጠቀምበት ቃል ከዚያው የመጣ ነው። ልማዱ ደግ ነው። ይሁን እንጂ ልማድ ልጁን ወደ ቤት ያስገባዋል እንጂ ከገባ በኋላ እንዴት እንደ ሰነበተ ተመልሶ አይጠይቅም። ጠያቂ ሲጠፋ «እኔ ላሳድጋት» ተብላ የተወሰደች ልጅ የቤት ሠራተኛ ሆና ትቀራለች፤ ወንዱም እረኛ ሆኖ ይቀራል።

ልማዱን የሚሸከመው ትከሻም ደክሟል። በጋይንትና በስማዳ ብዙው መሬት ተራቁቷል፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ቤተሰቦች በሴፍቲኔት ፕሮግራም ታቅፈው ኖረዋል። ጎልማሶች ለቀን ሥራ ወደ መተማና ወደ ሁመራ የሰሊጥ እርሻ ይወርዳሉ፤ ወባ ወይም ካላዛር ይዟቸው የሚመለሱ አሉ፣ ሳይመለሱ የሚቀሩም አሉ። ኤድስ በየከተማው የሙት ልጆችን ትቶ አልፏል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ ገባ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭትም መንገድ እየዘጋ የጽሕፈት ቤቶችንና የፍርድ ቤቶችን ሥራ አስተጓጉሏል። በዚህ ሁሉ መካከል ልጆቹን የሚቀበሉት ብዙውን ጊዜ አያቶች ናቸው፤ ራሳቸው ጧሪ የሚያስፈልጋቸው ማለት ነው።

ስለ ሕጉ ጥቂት እንበል። «ልጁን ወስጄዋለሁ» ማለት በሕግ ፊት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሊሆን ይችላል፤ የፕሮጀክት ሠራተኞች ሳይቀሩ ሁለቱን ሲያደባልቁ እንሰማለን። አንደኛው አሳዳሪነትና ሞግዚትነት ነው። 18 ዓመት ላልሞላው ልጅ ስለ አካሉ፣ ስለ ጤናውና ስለ ትምህርቱ የሚያስብለት ሰው አሳዳሪ ይባላል። ንብረቱን የሚጠብቅለትና በገንዘብ ነገር የሚወክለው ሰው ደግሞ ሞግዚት ነው። ሁለቱ ሥራዎች አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሰው እጅ ይሆናሉ። ወላጆች በኑዛዜ ሰው ሳይመርጡ ከሞቱ ሕጉ በቅድሚያ አያቶችን ይጠራል፤ ቀጥሎ አካለ መጠን ያደረሱ ወንድሞችንና እህቶችን፣ ከዚያም አጎቶችንና አክስቶችን ይጠራል። በዚህ መንገድ የሚያድግ ልጅ የአባቱ ልጅ እንደ ሆነ ይቀራል። የአሳዳሪው ሥልጣን ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ያበቃል።

ሁለተኛው ጉዲፈቻ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ጉዲፈቻ አድራጊው ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው እንዲሆን ያዛል። ባልና ሚስት ከሆኑ ሁለቱም መስማማት አለባቸው። ውሉን ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም፤ ፍርድ ቤቱም ከማጽደቁ በፊት የልጁን ሐሳብ ይሰማል። ከጸደቀ በኋላ ልጁ እንደ አብራክ ክፋይ ይቆጠራል፤ ከትውልድ ቤተሰቡ ጋር ያለው ዝምድና ግን አይቆረጥም። ውሉ እንደ ኪራይ ውል በፈለጉ ጊዜ የሚፈርስ አይደለም። ፍርድ ቤት ሊሽረው የሚችለው አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ ወይም ባርነት በሚመስል ሁኔታ ከያዘው፣ ለጥቅም ብሎ ነውረኛ ሥራ ውስጥ ካስገባው፣ ወይም በሌላ መንገድ የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ አኳኋን ከያዘው ብቻ ነው። የአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79 አውጥቷል፤ ዋናው ሐሳብ ከዚሁ አይርቅም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 መንግሥት ለሙት ልጆች ልዩ ጥበቃ እንዲያደርግና በጉዲፈቻ የሚያድጉበትን ሥርዓት የሚያመቻቹ ተቋማት እንዲመሠረቱ እንዲያበረታታ ይላል።

ወረቀቱ ይህ ነው። ነገር ግን አዋጅ በእግሩ ቆላ ወርዶ በር አያንኳኳም። ለየትኛው ቤት የትኛው መንገድ እንደሚሻል የምትመክረው ሠራተኛዋ ናት። ለአንዲት አያት ጉዲፈቻ አያስፈልጋቸውም፤ ልጁ ቀድሞውንም የልጅ ልጃቸው ነው። የሚያስፈልጋቸው የወረዳው ፍርድ ቤት የሰጠው የሞግዚትነት ማስረጃ ነው፤ ያ ከሌለ የሟች ልጃቸውን ገንዘብ ከባንክ ማውጣት፣ መሬቱን ማስከበርም ሆነ ክስ ማቅረብ አይሆንላቸውም። ልጅ ያልወለዱ ባልና ሚስት ግን የማንም ዘመድ ያልሆነ ሕፃን ሲወስዱ ሞግዚትነት አይበቃም። ነገ እነርሱ ቢሞቱ ወንድሞቻቸው መጥተው «አንተ ማነህ?» ብለው ልጁን ከቤት ሊያስወጡት ይችላሉ። ይህን አስቀድማ የምታየው፣ ምስክር የምታሰባስበው፣ ማመልከቻ የምታጽፈውና በቀጠሮው ቀን አብራ ችሎት የምትቀመጠው እርሷ ናት።

ፍርዱ ካለቀ በኋላ ብዙ ሰው ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል። የዚህች ሠራተኛ ዋና ሥራ የሚጀምረው ግን ከዚያ በኋላ ነው። በስማዳ አንድ መንደር አብሬ ሄጄ ሥራዋን አይቻለሁ። ሁለት የልጅ ልጆች ከሚያሳድጉ እናት ቤት ገባን። ስለ ልጆቹ አንድም ቃል ሳታነሣ ስለ ገብሱ ጠየቀች፤ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ጠየቀች፤ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ስለ ጠበል ተጫወቱ። እኔ ቀኑ መሸብን ብዬ እጨነቅ ነበር፤ እርሷ ግን ዓይኗ ሥራ ላይ ነበር። ልጆቹ የሚተኙት ከየት ነው? ሁለቱም አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰዋል ወይስ አንዱ ቡትቶ ለብሷል? ምግብ ሲቀርብ ትልቁ ልጅ ተጠርቶ ይቀርባል ወይስ ቆሞ ያስተናግዳል? በመጨረሻ «እማማ፣ ይህ ልጅ መንገዱን ያሳየን» ብላ ልጁን ይዛ ወጣች። ከቤት ርቀን ስንሄድ ልጁ በገበያ ቀን ትምህርት ቤት እንደማይሄድ ነገራት። አያቱ በክረምት ከጎረቤት እህል ተበድረው ስለ ነበር፣ እርሱ የጎረቤቱን ከብት በመጠበቅ ብድሩን ይከፍላል። አያትየዋን ተመልሳ አልወቀሰቻቸውም። ጎረቤቱ ዘንድ ሄዳ ብድሩ በመኸር እንዲከፈል ተማለደች፤ በማግስቱም የትምህርት ቤቱን ርእሰ መምህር አነጋገረች። ወደ ወረዳው በሚሄደው ሪፖርት ላይ ይህ ሁሉ «አንድ ቤት ተጎበኘ» ተብሎ ይጻፋል።

ይህ አሠራር የሚያስተምረን ነገር አለ። በአገራችን ባለጌን ሰው «አሳዳጊ የበደለው» ብለን እንሰድባለን። ስድቡ የሚያርፈው በአሳዳጊው ላይ ስለ ሆነ፣ የሰው ልጅ የሚያሳድግ ሰው ችግሩን መናገር ያፍራል። ልጁ ሌሊት ቢጮህ፣ ቢሰርቅ፣ አልታዘዝ ቢል ጎረቤት «ድሮም የእርሷ አይደለም» ይላል ብሎ ይደብቃል። ወላጁን በሞት ያጣ ልጅ ግን እንዲህ መሆኑ የሚጠበቅ ነው፤ ሐዘን በልጅ ላይ ብዙ ጊዜ በእንባ ፈንታ በጠባይ ይወጣል። ይህን ለአሳዳጊው የሚነግር ሰው ሲገኝ ዱላው ይቀመጣል። አንዳንዴ የጉብኝቱ ፍሬ ይኸው ብቻ ነው፤ ይበቃልም።

ከሁሉ ይልቅ ጠብ የሚያስነሣው መሬት ነው። የክልሉ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ሕግ፣ በ1998 ዓ.ም. በቁጥር 133 የወጣውና በ2009 ዓ.ም. በቁጥር 252 የተተካው፣ ይዞታ በውርስ እንዲተላለፍ ይፈቅዳል። አባቱ ሦስት ጥማድ መሬት ትቶለት የሞተ የስምንት ዓመት ልጅ ባለ ይዞታ ነው ማለት ነው፤ ነገር ግን ማረስ አይችልም። አጎት በእኩል ያርሰዋል። የመጀመሪያው ዓመት እኩሌታው እህል ለልጁ ይገባል፤ በሁለተኛው ዓመት «ዘንድሮ ዝናቡ ጠፋ» ይባላል፤ በአምስተኛው ዓመት መሬቱ የአጎት እየመሰለ ይሄዳል። በክፋት ብቻ አይደለም፤ አጎትም የራሱ ልጆች አሉት፣ መሬቱም ጠባብ ነው። ጥሩ ሠራተኛ ይህን ስለምታውቅ ገና ከለቅሶው ማግስት፣ ሰው ልቡ ሳይደነድን፣ የልጁን ንብረት በምስክር ፊት ታስመዘግባለች፤ መሬቱን፣ በሬውን፣ የቤቱን ቆርቆሮ፣ ያለውንም ዕዳ። የይዞታ ማረጋገጫው ደብተር ከማን እጅ እንዳለ ትጽፋለች። የእኩል ውሉ በጽሑፍ ሆኖ አንዱ ቅጂ ከመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት እንዲቀመጥ ታደርጋለች። ይህ ሥራ ጠላት ያፈራል። «የዘመድ ነገር ውስጥ ምን አገባሽ?» የሚላት ብዙ ነው፤ በጨለማ መንገድ የሚያስፈራራትም አይጠፋም።

ሁለተኛው ከባድ ነገር የልጁ ማንነት ነው። ሕፃን ተቀብለው የሚያሳድጉ ሰዎች እውነቱን መደበቅ ይወዳሉ፤ ከፍቅር የተነሣ ነው። በትምህርት ቤት ሲያስመዘግቡ የራሳቸውን ስም በአባት ስም ቦታ ያስጽፋሉ፤ በኋላ የልደት ምስክር ወረቀት ሲፈለግ ነገሩ ይጋጫል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ፣ ቁጥር 760፣ ጉዲፈቻም እንዲመዘገብ ይጠይቃልና ስሙን በሕጋዊ መንገድ ማስተካከል ይቻል ነበር። ይህ የወረቀት ጣጣ ነው። የባሰው የሚመጣው በጋብቻ ጊዜ ነው። በእኛ አገር እስከ ሰባት ቤት ዘር ሳይቆጠር አይጋቡም። የተወለደበትን የማያውቅ ልጅ ሽማግሌዎች ዘሩን ሊቆጥሩለት አይችሉም፤ ያለዚያም የሚያውቅ አንድ ሰው በሠርጉ ዋዜማ ምሥጢሩን ያወጣዋል። ስለዚህ ሠራተኛዋ ልጁን ስታስረክብ የእናቱንና የአባቱን ዘር በሁለቱም ወገን የሚታወቀውን ያህል ጽፋ ታስቀምጣለች፤ አሳዳጊዎቹም ለልጁ ገና በሕፃንነቱ፣ በሚገባው መጠን፣ ራሳቸው እንዲነግሩት ትመክራለች። ከራሳቸው አፍ የሰማው ልጅ በጠብ ጊዜ ከሰው አፍ ሲሰማው አይሰበርም።

ስለ ሴት ልጆች ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። የሙት ልጅ የሆነች ሴት በ13 እና በ14 ዓመቷ ለጋብቻ የመታሰቧ ነገር ከሌሎቹ ይብሳል፤ «ቶሎ ቤት ትያዝ፣ እኛም እንረፍ» ይባላል። ሕጉ 18 ዓመት ይላል። ሠራተኛዋ በጥርና በየካቲት፣ በሠርግ ወራት፣ ጉብኝቷን ማጥበቅ የሚገባት ለዚህ ነው። በእነዚሁ ወራት ለሌላ ዘመቻና ስብሰባ ስትጠራ ምን እንደሚጎድል የሚያስተውል አለቃ ጥቂት ነው።

በአገራችን ስለ ሙት ልጆች ምስጋና ሲነሣ በመጀመሪያ የሚጠራው የዶክተር አበበች ጎበና ስም ነው፤ ተገቢም ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ ግሸን ማርያም በሄዱበት መንገድ በረሃብ ከሞተች እናት አጠገብ ያገኟትን ሕፃን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ልጆቹ እየበዙ ሲሄዱ ትዳራቸውን እስከ ማጣት ደርሰው ታላቅ ድርጅት አቋቋሙ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮሮና ሕመም ሲያርፉ አገር አልቅሶላቸዋል። በዚያ ዘመን፣ በተለይም በ77ቱ ድርቅ፣ ሕፃናትን ከሞት ለማትረፍ በአንድ ቤት መሰብሰብ ግድ ነበር። ድርቁ ካለፈ በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ መጣ፤ ልጆቹ እስከ መቼ በዚያ ይኖራሉ? እ.ኤ.አ. በ1985 ሕፃናትን በማሳደጊያ ለመርዳት የተቋቋመው ኢየሩሳሌም የተባለው አገር በቀል ድርጅት በኋላ አሠራሩን ለውጦ ልጆቹን ከዘመድና ከማኅበረሰብ ጋር ማገናኘት ጀመረ። ለአጥር ጥበቃና ለወጥ ቤት ይውል የነበረው ጉልበት ወደ ቤት ለቤት ጉብኝት ሲዞር፣ ዋናው ባለሙያ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ሆነ።

ለዚህ ለውጥ ማስረጃ ከሩቅ አገርም መጥቷል። በሩማንያ፣ በቡካሬስት ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 በኋላ የተጀመረ ጥናት በማሳደጊያ የነበሩ 136 ሕፃናትን ተከታትሏል፤ እኩሌቶቹ በዕጣ ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ ገቡ። እነዚህ በአእምሮም በጠባይም ከቀሩት ተሽለው ተገኙ፤ በተለይም ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት። የዚህን ጥናት ዜና የሚያወሩ ሰዎች አንድ ነገር ይዘነጋሉ። እነዚያ ቤተሰቦች ብቻቸውን አልተተዉም ነበር፤ በየጊዜው የሚጎበኙአቸውና የሚመክሩአቸው የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች ተመድበውላቸው ነበር።

ክትትል ሲጠፋ የሚሆነውንም አይተናል። ከኢትዮጵያ ልጆች ወደ ውጭ አገር በጉዲፈቻ በብዛት ይሄዱ በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ አሜሪካ ብቻ ከ2,500 በላይ ልጆች ተወስደዋል። ከእነርሱ ብዙዎቹ በደግ ቤት አድገዋል። አንዲት ልጅ ግን እ.ኤ.አ. በ2011 በዋሽንግተን ግዛት በአሳዳጊዎቿ ቤት በተፈጸመባት በደል ሞተች፤ አሳዳጊዎቿም እ.ኤ.አ. በ2013 ተፈረደባቸው። በጥር 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን በአዋጅ ቁጥር 1070 አሻሽሎ የውጭ አገር ጉዲፈቻን አስቀረ። ውሳኔው ትክክል ነው አይደለም የሚለው ክርክር ለሌላ ጊዜ ይቆየን። ለእኛ የሚያስፈልገው ይህ ነው፤ ወደ ውጭ ይሄድ የነበረው ልጅ አሁን ቤት የሚፈለግለት እዚሁ፣ በእስቴና በጋይንት፣ በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ነው። ሕጉ በር ሲዘጋ የሠራተኛዋ ሥራ ጨመረ፤ የሠራተኞቹ ቁጥር ግን በዚያው ልክ አልጨመረም።

ሙያውም ቢሆን ያልተቋረጠ ታሪክ የለውም። የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1959 ተከፍቶ ነበር፤ በደርግ ዘመን ተዘጋ፤ እንደገና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ደረጃ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። አንድ ትውልድ ሙሉ ያለ ሙያው ሰዎች አለፈ ማለት ነው። ኤድስ በበረታባቸው ዓመታት፣ የ77ቱም ልጆች ባደጉበት ጊዜ፣ ይህን ሥራ የሠሩት በአብዛኛው በጥቂት ሳምንት ሥልጠና የተሰማሩ ሰዎች ነበሩ። ዛሬም በቀበሌ ያሉት እንዲሁ ናቸው።

እንግዲህ ምስጋናው በምን ይሁን? የማኅበራዊ ሥራ ቀን የሚባል በዓለም ዙሪያ አለ፤ በማርች ወር ሦስተኛው ማክሰኞ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ከመጋቢት 6 እስከ 12 ባለው ጊዜ ይውላል። በዚያ ቀን የምስክር ወረቀትና ጋቢ መስጠት ክፉ አይደለም። ነገር ግን ጋቢ ለብሳ ወደ ቆላ የምትወርድበት ገንዘብ ከሌላት፣ ጋቢው ቤት ውስጥ ይቀመጣል። ሠራተኞቹን ስንጠይቅ በመጀመሪያ የሚያነሡት የመጓጓዣና የቀን አበል ነው፤ ቀጥሎ የዝናብ ልብስ፣ የስልክ ካርድና ሰው ለብቻው የሚነጋገርበት በሩ የሚዘጋ ክፍል። ክፍሉ የሚያስቅ ሊመስል ይችላል። አንዲት ልጅ በቤት የደረሰባትን በደል አምስት ጠረጴዛ ባለበት ቢሮ ውስጥ ሰው እየገባ እየወጣ አትናገርም። ጉባኤዎቻችን ከሰንበት ውጭ ባዶውን የሚውል ክፍል አላቸው።

ሌላው፣ የልጆቹን ታሪክ አንጠይቃት። በስብከት ላይ ለምሳሌ እንዲሆን፣ ወይም ለረጂዎች ለመላክ፣ «አንድ ልብ የሚነካ ታሪክ ከነፎቶው ስጪን» ማለት ሠራተኛዋን ከሁለት ነገር አንዱን እንድትከዳ ማስገደድ ነው፤ ወይ ልጁን፣ ወይ እኛን። ይህ ጽሑፍም ያለ ፎቶግራፍ የወጣው ስለዚህ ነው።

ዕርዳታ ስንልክ ለሙት ልጁ ብቻ አንላክ። ይህን ደጋግመው ነግረውናል። አራት ልጆች ባሉበት ቤት ለአንዱ ብቻ አዲስ ጫማና ቦርሳ ሲመጣ፣ ያ ልጅ በዚያው ቀን እንግዳ ይሆናል፤ የቤቱ ልጆችም ይጠሉታል። ደብተሩ ለአራቱም ይሁን፤ ካልተቻለ ለእናትየው አንዲት በግ ትሰጥና ቤቱ በሙሉ ይጠቀም። የሙሴ እህት በወንዙ ዳር ቆማ ሕፃኑን ስትጠብቅ ያደረገችውን አስታውሱ፤ ለልዕልቲቱ ሞግዚት አመጣልሽ ብላ የጠራችው የገዛ እናቱን ነበር። ልጁ ከእናቱ ሳይለይ እንዲጠባ፣ እናቲቱም ደመወዝ እንድታገኝ ያደረገ አሠራር ነው።

ደግሞም ሠራተኛዋ ራሷ የምትናገርለት ሰው ያስፈልጋታል። በሳምንት አምስት የሐዘን ቤት የሚገባ ሰው ሐዘኑን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ምሥጢር ስለሆነም ለባሏ እንኳ አትነግርም። በየወሩ አንድ ጊዜ የሦስትና የአራት ወረዳ ሠራተኞች ተገናኝተው ስም ሳይጠሩ እርስ በርሳቸው የሚመካከሩበት ቀን ቢዘጋጅ ወጪው የምሳና የመኪና ብቻ ነው። መሬት ጉዳይ ስታነሣ የሚያስፈራሯት ሲኖሩም የጉባኤ ሽማግሌዎች ከአካባቢው የአገር ሽማግሌዎችና ከዕድር ዳኞች ጋር ሆነው በምስክርነት ቢቆሙላት፣ ብቻዋን አለመሆኗ ይታወቃል። ለአለቃዋም የምስጋና ደብዳቤ ጻፉ፤ የቤተሰብ ስም ሳትጠሩ፣ ያያችሁትን ሥራ ብቻ። በሪፖርት ላይ «አንድ ቤት ተጎበኘ» የሚለው ቃል ምን እንደ ሆነ አለቃው የሚያውቀው ከሌላ ሰው ሲሰማ ነው።

የዘንድሮውን የትምህርት ዕቃ ለእስቴ፣ ለስማዳና ለጋይንት አሳዳጊ ቤቶች ለመላክ ያሰባችሁ ጉባኤዎች ከግንቦት መጨረሻ በፊት እንድታደርሱልን እንለምናለን። ምዝገባው በነሐሴ ነው፤ ነገር ግን በክረምት ወንዞቹ ስለሚሞሉ የቆላ ቀበሌዎች መንገድ ይዘጋል። ዕቃው በጊዜ ከመጣ ሠራተኛዋ ከሰኔ ጉብኝቷ ጋር አድርሳው ትመለሳለች፤ ከዘገየ ግን እስከ መስከረም መጋዘን ውስጥ ይቆያል።